‘የግል ችግር’ ተብሎ የተዘጋ መዝገብ

የአደጋ መዝገብ ሰፊ ገጽ ያለው ትልቅ ደብተር ነው። ከአቃቂ ወጣ ብሎ በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ ውስጥ በሥራ ደኅንነት ክፍል ስሠራ ደብተሩን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ዐምዶቹ ስድስት ናቸው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የሠራተኛው ስም፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ የአደጋው መንስኤ፣ የተወሰደ እርምጃ። ጣቱ በማሽን የተያዘበት፣ ከመሰላል የወደቀ፣ ዐይኑ ውስጥ ብናኝ የገባበት ሁሉ ስድስቱን ዐምድ ያለ ችግር ይሞላሉ። አንድ ማለዳ ግን የሌሊቱ ፈረቃ ሲወጣ ከሠራተኞቻችን አንዱ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ራሱን እንዳጠፋም ተረጋገጠ። ስለ አሟሟቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ዝርዝሩ በተመሳሳይ ጭንቀት ውስጥ ያለን አንባቢ ሊጎዳ እንደሚችል በሙያው ውስጥ የታወቀ ነውና። በአምስተኛው ዐምድ ላይ ምን እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ አለቃዬን ስጠይቀው፣ ‘የግል ችግር ብለህ ዝጋው’ አለኝ። እኔም እንደተባልኩት ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀም። ከዚያ ቀደም ብሎ አንዲት ሠራተኛ እጇ በመቁረጫ ማሽን ሲጎዳ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ማሽኑ ፎቶ ተነሥቶ፣ የጥገናው ክፍል ቃል ተቀብሎ፣ በመጨረሻም መከለያ ተገጥሞ ነበር። ለዚህኛው ሞት ግን ሁለት ቃል በቃ። ከማሽን የመጣ ጉዳት ጥያቄ ያስነሣል፤ ከሰው ውስጥ የመጣ የሚመስል ሞት ግን ጥያቄውን ይዞ ይቀበራል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፦ በሥራ ቦታ ራሳቸውን ያጠፉና አልኮል፣ ዕፅ ወይም መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱ ሠራተኞችን ሞት ‘የግል’ ብለን ስንዘጋው፣ ቀጣዩን ሞት የሚከላከለውን ምርመራ አብረን እንዘጋለን።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱ አንዳንድ አገሮች ቢያንስ መቁጠር መጀመራቸው ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሥራ ላይ የሚሞቱትን በየዓመቱ ሲቆጥር፣ ከትራፊክና ከመውደቅ አደጋ ጎን ለጎን፣ በሥራ ቦታ ራስን ማጥፋትን እንዲሁም ሳይታሰብ ዕፅ ወይም አልኮል ከመጠን በላይ በመውሰድ የደረሰ ሞትን ለየብቻ ይመዘግባል። በሁለተኛው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2012 የተመዘገቡት ሟቾች 65 ነበሩ። በ2018 ቁጥሩ 305፣ በ2020 ደግሞ 388 ደረሰ፤ በ2022 ወደ 525 ካሻቀበ በኋላ በ2023 ወደ 512 በመጠኑ ዝቅ አለ። በሥራ ቦታ ራሳቸውን ያጠፉት በ2022 267፣ በ2023 ደግሞ 281 ነበሩ። በ2022 በአገሪቱ በሥራ ላይ የሞቱት በጠቅላላው 5,486 ስለነበሩ፣ ሁለቱ ተደምረው ከሰባት የሥራ ላይ ሞቶች የአንዱን ያህል ይይዛሉ ማለት ነው። ለፋብሪካ ሴፍቲ ኦፊሰር ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ሥልጠናችን በሙሉ በቀሪዎቹ ስድስቱ ላይ ያተኮረ ነውና።

ይሁንና ቁጥሩን እንደ ሙሉ እውነት መውሰድም ያሳስታል። በዚያው በ2022 በመላው አሜሪካ ራሳቸውን ያጠፉት ወደ 49,000፣ ዕፅና መድኃኒት ከመጠን በላይ በመውሰድ የሞቱት ደግሞ ወደ 108,000 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ሥራ የነበራቸው ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ የሞቱት ግን ቤታቸው ስለሆነ ወደ ሥራ ቦታው መዝገብ አልገቡም። መዝገቡ በዋናነት የሚቆጥረው ሰውየው የሞተበትን ቦታ እንጂ ለሞት ያበቃውን ምክንያት አይደለም። በሥራ ቦታ የሞተ ሁሉ ሥራው ገደለው አይባልም፤ ቤቱ የሞተ ሁሉም ሥራው አልነካውም አይባልም። ሞት በአጥር ውስጥ ሆነ በአጥር ውጪ መባሉ ለመድንና ለፖሊስ ይጠቅም ይሆናል፤ ለመከላከል ግን የሚጠቅመው ወደ አጥሩ ያደረሰው መንገድ ነው።

ያ መንገድ በደንብ ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ የማሳቹሴትስ ግዛት ነው። የግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 ድረስ ኦፒዮይድ በሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችና ዕፆች የሞቱትን በሥራ መስካቸው ለይቶ ሲመረምር፣ የግንባታ ሠራተኞች የሞት ምጣኔ ከጠቅላላው የሠራተኛ አማካይ ስድስት እጥፍ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱ የግንባታ ሠራተኛ ከሌላው ሰው ባሕርዩ የተለየ ስለሆነ አይደለም። ጉዳት የሚበዛባቸውና የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ የማይገኝባቸው የሥራ መስኮች ከፍተኛው ሞት የታየባቸው ሆነዋል። ሰውየው ጀርባውን ይጎዳል፤ ቢቀር ደመወዙ ይቀራል፤ ስለዚህ ማስታገሻ ወስዶ ይገባል። ሰውነቱ መድኃኒቱን ሲለምድ መጠኑ ይጨምራል፤ ማዘዣው ሲከለከል ከመንገድ ይገዛል፤ የመንገዱ ዕፅ ውስጥ ደግሞ እጅግ ኃይለኛ የሆነው ፈንታኒል ይገባበታል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የመጀመሪያው ቀለበት የተሠራው ሥራው ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቀለበት ብቻ ተነጥሎ ሲታይ ግን ‘ሱሰኛ ነበር’ ይባላል።

ሰንሰለቱን ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ስህተት ይሆናል። ገላን፣ ቃሊቲና ሰበታ ላይ የሠራተኛው የዕለት አደጋ ፈንታኒል አይደለም። እዚህ የምናያቸው አረቄ፣ ቢራ፣ ጫት፣ እንዲሁም ያለ ሐኪም ማዘዣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት እንደ ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችና የእንቅልፍ ኪኒኖች ናቸው። አሠራሩ ግን አንድ ነው፦ ሰውነት ‘በቃኝ’ ሲል ሥራው ‘ገና ነው’ ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የሚጠጣው፣ የሚቃመው ወይም የሚዋጠው ነገር ነው።

ይህን በጉልህ የሚያሳዩት የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ ዕቃው ወደ ቃሊቲ ጉምሩክና ወደ ገላን መጋዘኖች የሚደርሰው ወደ 900 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ላይ በሚነዱ ሰዎች ጉልበት ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ቀሎላቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቆላ፣ ሌሊቱና የጭነት ወረፋው ግን እንዳለ ነው። በምመላለስበት መንገድ ዳር ከምትገኝ አንዲት ምግብ ቤት ደጃፍ ተሳቢ ያቆመ ሹፌር ጫቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ጋቢናው ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ‘ምርቃና ካልያዘኝ አዋሽ አልደርስም’ ያለኝን አንዱን አልረሳውም፤ ሲናገረው ስለ ነዳጅ እንደሚያወራ ሰው ተረጋግቶ ነበር። ሲደርስ ደግሞ ምርቃናው እንቅልፍ ስለማያስተኛው ‘ጨብሲ’ ብሎ ይጠጣል። ጠዋት የጭነት ወረፋ ሲጠራ እንደገና ጫት። እንቅልፍን በአነቃቂ ማባረር፣ ከዚያም አነቃቂውን በአልኮል ማባረር የተለመደ የሥራ ዘዴ ሆኗል፤ ልብና ጉበት የሚከፍሉትን ዋጋ ግን የጭነት ደረሰኝ አይመዘግበውም።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በግንባታ ሳይት፣ በጥበቃ ቤትና በሠራተኛ ማደሪያ አንድ ሰው ወድቆ ሲገኝ ከባልደረቦቹ አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ‘ሰክሮ ነው፣ ተዉት ይተኛ’ የሚል ነው። በክፋት የሚባል አይደለም፤ ብርድ ልብስ ደርበውለት፣ ካቦው እንዳያየው ከልለውለት ይሄዳሉ። ነገር ግን ኦፒዮይድ ያለባቸው ማስታገሻዎች፣ የእንቅልፍ ኪኒኖችና አልኮል ከመጠን ሲያልፉ የሚገድሉት በአብዛኛው የአንጎልን የመተንፈስ ትእዛዝ በማዳከም ነው፤ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሲደባለቁ ደግሞ አንዱ የሌላውን ኃይል ያባብሳል። ሰውየው የተኛ ይመስላል። ከብዶና ተቆራርጦ የሚወጣ ማንኮራፋት፣ እየዘገየ የሚሄድ ትንፋሽ፣ የከንፈርና የጥፍር መጥቆር፣ ቢጠሩትና ቢነቀንቁት አለመንቃት፤ እነዚህ የድንገተኛ ሕመም ምልክቶች እንጂ የእንቅልፍ ምልክቶች አይደሉም። በጎኑ ማስተኛት፣ ብቻውን አለመተው፣ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 መጥራት፣ ምን እንደወሰደ ለሐኪሙ ሳይደብቁ መናገር ነፍስ ያድናል። በአሜሪካ ናሎክሶን የተባለውን የኦፒዮይድ ማርከሻ በሥራ ቦታዎች የመጀመሪያ ሕክምና ሣጥን ውስጥ ማኖር እየተለመደ መጥቷል፤ መድኃኒቱ ኦፒዮይድን ብቻ እንጂ አልኮልን ስለማያረክስ ለእኛ ዋናው መፍትሔ እሱ አይሆንም። ዋናው መፍትሔ ‘ተዉት ይተኛ’ን ከአፋችን ማውጣት ነው። ባልደረቦቹም የሚከልሉት ከሥራ እንዳይባረር ፈርተው መሆኑን አሠሪው ቢረዳ መልካም ነው፤ የነፍስ አድን ጥሪ ያደረገና የተደረገለት በዚያ ምክንያት እንደማይባረር በጽሑፍ ያላሳወቀ ድርጅት፣ ሠራተኛው ዝም እንዲል እያስተማረ ነው።

ወደ ራስን ማጥፋት ስንመጣ መንስኤው ይበልጥ ይወሳሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 727,000 ያህል ሰዎች ራሳቸውን እንዳጠፉ፣ ከእነዚህም 73 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖሩ እንደነበር፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ይህ ሦስተኛው የሞት ምክንያት እንደሆነ ይገልጻል። ይህ ዕድሜ የቦሌ ለሚና የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ሼዶች ዕድሜ ነው። ጠዋት ከሰርቪስ የሚወርዱትን ላየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው የሚኖሩ፣ በወር መጨረሻ ላይ ኪራይ፣ ለቤተሰብ የሚላከውና የዕቁቡ መጣያ በአንድ ደመወዝ ላይ የሚሻሙባቸው ወጣቶች ናቸው። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይኖር ኮታ ይኖራል። አንዲት ልጅ ‘ከተማ ገብታለች’ ተብሎ በቤተሰብ ዘንድ ከተነገረላት በኋላ ባዶ እጇን መመለስ ከርሃብ በላይ ያስፈራታል። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ከመግባት ዕድል፣ ተጠቃሚነት ስትታገድ በልብስ ፋብሪካዎች የመጣው የሥራ መቀነስ በጋዜጣ የተጻፈው በዶላርና በኮንቴይነር ነበር፤ ሥራ ማጣታቸውን ወደ ቤት ደውለው መናገር ያቃታቸው ልጆች ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አልገቡም።

እነዚህ ችግሮች ብቻቸውን ሰውን ለሞት ያበቃሉ ማለቴ አይደለም። በድህነት የሚኖረው አብዛኛው ሰው ራሱን አያጠፋም፤ ድባቴ፣ የአልኮል ጥገኝነት፣ ቀድሞ የደረሰ ጥቃት፣ የዕዳ ኀፍረት፣ የፍቅርና የትዳር መፍረስ አብረው ይገኛሉ። ይህ ግን ሥራን ከተጠያቂነት አያወጣም፤ ከብዙ ገመዶች አንዱ ሥራው ከሆነ፣ አሠሪው ሊፈታው የሚችለው ገመድ እሱ ነው። ዘለፋ፣ በሰው ፊት ማዋረድ፣ ያለ ማስታወቂያ ፈረቃ መቀየር፣ የሕመም ፈቃድ ጠያቂን እንደ አጭበርባሪ ማየት፣ ‘በሩ ክፍት ነው፣ ብትፈልግ ውጣ’ ማለት ሁሉ በአንድ ሱፐርቫይዘር እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው።

ፈረንሳይ ውስጥ ይህ ነገር ከሥነ ምግባር ጉዳይነት አልፎ የወንጀል ጉዳይ ሆኗል። ፍራንስ ቴሌኮም የተባለው የስልክ ኩባንያ 22,000 ሠራተኞችን ለመቀነስ በወጠነበት ዘመን፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ለቀው እንዲሄዱ ለማድረግ ያለ ፍላጎታቸው ማዘዋወርና ማዋረድ የአሠራር ስልት ሆኖ ነበር፤ በርካታ ሠራተኞችም ሕይወታቸውን አጠፉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የፓሪስ ፍርድ ቤት የቀድሞ ሥራ አስፈጻሚዎቹን ‘ተቋማዊ የሞራል ጥቃት’ በመፈጸም ጥፋተኛ አላቸው፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በጥር 2025 ጥፋተኝነቱን አጸናው። የፍርዱ ክብደት ያለው አንድ አለቃ አንድን ሠራተኛ በግል በደለ ከማለት አልፎ፣ የአስተዳደር ዕቅድ ራሱ ጥቃት ሊሆን እንደሚችል በመወሰኑ ላይ ነው።

ጃፓን ደግሞ ለእኛ ሕግ ይበልጥ የሚቀርብ ጥያቄ አንሥታለች። በዚያ አገር በሥራ ብዛት መሞት የራሱ ስም አለው፤ ‘ካሮሺ’ ይባላል። የሠራተኛ ካሣ ሕጋቸው ሆን ተብሎ በራስ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም ነበርና ራሱን ያጠፋ ሠራተኛ ቤተሰብ ለረጅም ጊዜ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመንግሥት መመሪያ ግን በሥራ ምክንያት በአእምሮ ሕመም የተያዘ ሰው ሞትን የመረጠው በጤናማ ፈቃዱ ነው ሊባል አይችልም በሚል አመለካከት መንገዱን ከፈተ። በ2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ወጣት ሠራተኛ ሞት ላይ አሠሪውን ተጠያቂ አደረገ፤ በ2014 የካሮሺ መከላከያ ሕግ ወጣ፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በየዓመቱ የሠራተኞቹን የጭንቀት መጠን እንዲያስለካ ተገደደ።

የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ረገድ ሁለት ፊት አለው። አንቀጽ 92 አሠሪው የሥራው ሂደት ለሠራተኛው አካላዊ፣ ኬሚካላዊና ባዮሎጂያዊ ብቻ ሳይሆን ሥነ ልቦናዊ ጉዳት መነሻ እንዳይሆን ጥንቃቄ እንዲወስድ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም የሠራተኛን ጤና ሲተረጉም የአእምሮን ጤና ያካትታል። በጉዳት ካሣው ክፍል ግን አዋጁ በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን ከሠራተኛው ውጪ ከሆነ ምክንያት ወይም ሥራውን ለማከናወን ካደረገው ጥረት ጋር ያያይዘዋል፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ አይሆንም፤ ሰውነቱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ወደ ሥራ የገባ ሠራተኛ የደረሰበት ጉዳትም ሆን ተብሎ እንደደረሰ ይቆጠራል። አንዱ አንቀጽ ‘አእምሮውን ጠብቅለት’ ይላል፤ ሌላው ደግሞ አእምሮው ከተጎዳ በኋላ ለሚመጣው ‘ራሱ ነው ያደረገው’ ይላል።

የስካሩ ድንጋጌ ያለ ምክንያት የተጻፈ አይደለም፤ ሰክሮ ክሬን የሚያንቀሳቅስ ሰው ሌላውንም ይገድላል። እኔ የምቃወመው ድንጋጌው የምርመራ ማቆሚያ ሆኖ ማገልገሉን ነው። ካሣ ይከፈል አይከፈል የሚለው ክርክርና ሞቱ ለምን ደረሰ የሚለው ጥያቄ የተለያዩ ናቸው፤ አንቀጽ 92 አሠሪው አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ሲያስገድድ ካሣ የሚከፈልበትን ብቻ ለይተህ መርምር አላለም። ‘ሆን ብሎ’ የሚለውም ቃል ትርጉም ያስፈልገዋል። ለሳምንታት ሳይተኛ፣ በድባቴ ተይዞ፣ እርዳታ ጠይቆ የተከለከለ ሰው ፈቃድ ጤናማ ፈቃድ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ የእኛም ፍርድ ቤቶች ሊመልሱት ይችላሉ፤ ነገር ግን ጥያቄው እንዲቀርብላቸው መጀመሪያ መዝገቡ እንደዚያ መጻፍ አለበት።

መዝገቡ እንዳይጻፍ የሚፈልገው ደግሞ አሠሪው ብቻ አይደለም። ቤተሰቡም ይፈልጋል። ፍትሐት ይከለከላል፣ ዕድሩ ያወራል፣ ለእህቶቹ ባል አይመጣም የሚል ስጋት አለ፤ ስለዚህ ‘ድንገት ታሞ’ ይባላል፤ ለቀስተኛውም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ይህን ዝምታ እንደ ውሸት ብቻ ማየት አልፈልግም፤ የሟቹን ክብር ለመጠበቅ የሚደረግ ነው። ሞክሮ የተረፈም ሰው ሆስፒታል ከመሄድ ፖሊስን ፈርቶ ይደበቃል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋውንና የረዳውን እንጂ የሞከረውን ሰው አይደለም። ይህን ቢያውቁ ለሕክምና የሚመጡ ብዙ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ከሁሉ በፊት በእጅ ያለውን ልጥቀስ። በሰበታና በሆለታ መስመር ያሉት የአበባ እርሻዎች የኬሚካል መጋዘን አላቸው፤ በግብርናው አካባቢ የፀረ ተባይ ኬሚካል በቀላሉ መገኘቱ አንድን የጭንቀት ቅጽበት ወደ ሞት እንደሚለውጠው የታወቀ ነው። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ ተባዮች በየተራ ስታግድ የአገሪቱ የራስን ማጥፋት ምጣኔ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ ቀንሷል። ሰዎች ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ የሚለው ክርክር በዚህ ውጤት ፊት አይቆምም፤ ያ የጨለማ ቅጽበት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ያለፈለት ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል። ስለዚህ የመጋዘኑ ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ መሆኑ፣ ኬሚካል በፊርማ ወጥቶ ትርፉ በፊርማ መመለሱ ለኦዲት ብቻ የሚደረግ ወረቀት አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር ነው። ሰውን ‘ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?’ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙዎች ስለተጠየቁ ብቻ እፎይ ይላሉ። ጠያቂው የግድ ሐኪም መሆን የለበትም፤ ፎርማኑ፣ የሠራተኛ ማኅበር ተጠሪዋ፣ የክሊኒኩ ነርስ ይችላሉ። ቀጥሎ የት እንደሚልኩት ግን ማወቅ አለባቸው። በከተማችን ያሉት ቦታዎች ጥቂት ቢሆኑም ያሉ ናቸው፦ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የካ ኮተቤ ሆስፒታል ሕክምና ይሰጣሉ፤ በምዕራቡ መውጫ የገፈርሳ ማገገሚያ ማዕከል አለ፤ አንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሏቸው። ከገላን ተነሥቶ አማኑኤል ለመድረስ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ የግማሽ ቀን ፈቃድ የማይሰጥ ድርጅት ሕክምናውን ከለከለ ማለት ነው። አዋጁ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በዓመት እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ድባቴም ከሐኪም ማስረጃ ጋር ሕመም ነው።

የአደጋ መዝገቡም መለወጥ አለበት። ‘የአደጋው መንስኤ’ ከሚለው ዐምድ ጎን ጥቂት ጥያቄዎች ቢታከሉ ይበቃል፦ ሟቹ ባለፉት ወራት ስንት ሰዓት፣ ስንት ሌሊት ሠራ? ፈቃድ ጠይቆ ነበር፣ ምንስ ተባለ? ቀድሞ ተጎድቶ ማስታገሻ ይወስድ ነበር? ከአለቃው ጋር የተመዘገበ ቅሬታ ነበረው? አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ስለሚገድብ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በራሱ ብዙ ይናገራል።

ያ ሠራተኛ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት እህቱ ቀሪ ደመወዙን ልትቀበል ከሰላሌ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር፤ የመሰናበቻ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና ወደ እኔ ዘረጋችው። ‘ጋሼ፣ እዚህ ላይ ስለ እሱ ምን ብላችሁ ነው የጻፋችሁት?’ አለችኝ። አነበብኩላት። ጥቂት ዝም ብላ፣ ‘የግል ቢሆንማ እኛ ቤት ይታወቅ ነበር’ አለች። መልስ አልነበረኝም። የፈረቃውን መቆጣጠሪያ አውጥቼ ያየሁት እሷ ከሄደች በኋላ ነው፦ ከመሞቱ በፊት በነበሩት 5 ሳምንታት ውስጥ 31 ሌሊት ገብቷል። ሁለት ጊዜ ፈቃድ ጠይቋል፤ ከሁለቱም ጥያቄዎች ግርጌ በተመሳሳይ እጅ ጽሑፍ ‘ተተኪ የለም’ ተብሎ ተጽፏል።